ማኅደሩ የማን ነው?

ልጁን ወደ አሜሪካ ለትምህርት ለመላክ የሚሰናዳ ቤት፣ የመግቢያው ደስታ ሳይበርድ ወረቀት ውስጥ ይገባል። ፎርም አለ፣ ክፍያ አለ፣ የባንክ ስቴትመንት አለ፣ ቀጠሮ አለ። በመካከሉ ደግሞ «ለእኔ ተዉት፣ እጨርሰዋለሁ» የሚል ሰው አይታጣም። ከዚህ በታች የሚነጋገሩት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ አሜሪካ የሚገኝ ኮሌጅ የተቀበላት ተማሪ፣ በባልትና ንግድ ያሳደገቻት እናቷ፣ እንዲሁም አሜሪካ ተምሮ ተመልሶ አዲስ አበባ የሚያስተምር ጎረቤታቸው። ጥያቄያቸው የብዙ ቤት ጥያቄ ስለሆነ ስማቸውን መጥራት አላስፈለገም።

እናት፦ መምህር፣ ስላስቸገርንዎ ይቅርታ። ልጅቷ ተቀባይነት አግኝታለች፣ ወረቀቷም መጥቷል። የቀረው ኤምባሲው ነው። ጉዳዩን የያዘልን ሰው ቀሪውን እንድጨርስ ክፍያ ጨምሩ ይለናል። ከመክፈሌ በፊት የሚያውቅ ሰው ይየው ብዬ ነው።

መምህር፦ ምን ችግር አለው እህቴ፣ እንኳን ደስ ያላችሁ። መጣ የሚሉት ወረቀት ኮሌጁ ለውጭ ተማሪ የሚሰጠው አይ-20 መሆን አለበት። እስቲ አምጪው ልጄ።

ልጅ፦ ስልኬ ላይ ነው ጋሼ። ሰውየው በቴሌግራም ልኮልኝ ነው።

መምህር፦ ኮሌጁ አይደለም የላከልሽ?

ልጅ፦ ኮሌጁ በኢሜይል ነው የላከው። ማመልከቻውን ስንጀምር ኢሜይሉን የከፈተልኝ እሱ ስለሆነ ፓስወርዱ ያለው እሱ ጋ ነው።

መምህር፦ እንግዲያው ወረቀቱን ከማየታችን በፊት ይህን እንጨርስ። ኮሌጁ ካንቺ ጋር እየተጻጻፈ ይመስለዋል፤ በስምሽ የሚመልስለት ግን ሌላ ሰው ነው። ስኮላርሺፕ ቢጨምሩልሽ፣ የመግቢያ ቀን ቢለወጥ፣ የጎደለ ነገር ቢጠይቁሽ አንቺ የምትሰሚው እሱ ሲፈልግ ነው። ዛሬውኑ ፓስወርዱን ተቀብለሽ ቀይሪው። እምቢ ካለሽ አዲስ ኢሜይል ክፈቺና ለኮሌጁ የውጭ ተማሪዎች ቢሮ በቀጥታ ጻፊ። ማንነትሽን እንዲያረጋግጡ ፓስፖርትሽን አያይዢ፤ አድራሻሽ መለወጡንም ንገሪያቸው።

እናት፦ ኢሜይል ይህን ያህል ነገር አለው እንዴ?

መምህር፦ ሁሉም ነገር የሚያልፈው በእሱ ነው። አሁን ወረቀቱን እንይ። ከላይ «ኤን» በሚለው የእንግሊዝኛ ፊደል የሚጀምረው ቁጥር የሴቪስ ቁጥርሽ ነው። ሴቪስ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ተማሪዎችን የሚከታተልበት መዝገብ ነው። እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ጥቃት በኋላ ቁጥጥሩ ሲጠብቅ በ2003 ሥራ ላይ ዋለ። አይ-20 መስጠት የሚችለውም በዚህ መዝገብ የታቀፈና የተፈቀደለት ትምህርት ቤት ብቻ ነው። ኤምባሲ የሚጠይቅሽ ኦፊሰርም፣ ኤርፖርት ላይ የሚቀበልሽም፣ ኮሌጁ ውስጥ የሚከታተልሽም ኃላፊ የሚያዩት ይህንኑ መዝገብ ነው። ስለዚህ እዚህ የሰፈረ ነገር አሜሪካ ድረስ አብሮሽ ይሄዳል። ስምሽን ከፓስፖርትሽ ጋር ፊደል በፊደል አስተያዪው።

ልጅ፦ ስሜ ልክ ነው። የአባቴም የአያቴም እንደ ፓስፖርቴ ነው የተጻፈው። የልደት ቀኔ ግን... ፓስፖርቴ 2007 ይላል፣ ይኼ 2006 ነው የሚለው።

መምህር፦ በእኛ አቆጣጠር መቼ ነው የተወለደችው?

እናት፦ በ1999፣ ታኅሣሥ 25። ገና ሊደርስ 4 ቀን ሲቀረው።

መምህር፦ ታኅሣሥ 25 ቀን 1999 በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 3 ቀን 2007 ነው። ፓስፖርቷ ልክ ነው። በዚያ ዓመት ታኅሣሥ 22 የዋለው ዲሴምበር 31 ላይ ነበር፤ ከ23 ጀምሮ የፈረንጆቹ ዓመት ተለወጠ። ሰውየው «ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 7 ይጨመራል» የሚለውን ይዞ ዝም ብሎ 7 ደምሮበታል። በታኅሣሥ መጨረሻ የተወለደ ሰው ላይ ግን የሚደመረው 8 ነው። ዘመን አቆጣጠራችን ስለሚለይ እንዲህ ያለ ስሕተት በእኛ ሰው ወረቀት ላይ በቀላሉ ይገባል። ኮሌጁን ብትጠይቂ አርሞ አዲስ አይ-20 ይልክልሻል። ሳይታረም ኤምባሲ ከደረሰ ግን ፓስፖርትሽና አይ-20ሽ አይገጥሙም፤ የልደት የምስክር ወረቀትሽም ጥያቄ ይነሣበታል።

ልጅ፦ ይህን እንኳ ሳላነበው ነበር ልሄድ የነበረው!

መምህር፦ ገና አልጨረስንም። ከታች በግራ በኩል የአንድ ዓመት ወጪሽ አለ፤ የትምህርት ክፍያ 18,000፣ መኖሪያና ምግብ 11,000፣ መጽሐፍና ኢንሹራንስ 1,500፤ ድምሩ 30,500 ዶላር። በቀኝ በኩል ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ተጽፏል፤ ከኮሌጁ ስኮላርሺፕ 14,000፣ ከቤተሰብ 16,500። እህቴ፣ ይህ ገንዘብ አለ?

እናት፦ በብር ስንት ነው እሱ?

መምህር፦ ዛሬ ባንክ በሚመነዝረው ከ2 ሚሊዮን ብር በላይ ነው።

እናት፦ በስማም! የለኝም። በባንክ ያለኝ 600,000 ብር ነው፤ እሱም ስንት ዓመት በርበሬ አስፈጭቼ ነው። ስቴትመንቱን እኔ አስተካክላለሁ ሲለን፣ ያለንን አሳምሮ ያቀርባል ብዬ ነው እንጂ የሌለንን ይጽፋል ብዬ አይደለም።

ልጅ፦ ታዲያ ኮሌጁ 16,500ን ከየት አመጣው?

መምህር፦ ከቀረበለት ስቴትመንት ነው። አንዳንዱ ደላላ ገንዘብ በወለድ ለጥቂት ቀን ያስገባና ስቴትመንት ካወጣ በኋላ ይመልሳል። አንዳንዱ ደግሞ ወረቀቱን ራሱን ይሠራዋል። እናትሽ ባንክ ሄዳ ያስገባችውም የፈረመችውም ነገር ከሌለ፣ ይህኛው የተሠራ ነው።

እናት፦ መምህር፣ እውነቱን ልናገር። ይህን የማያደርግ ማን አለ? የሀብታም ልጅ ስቴትመንቱን አሳይቶ ይሄዳል። የደሃ ልጅ እውነቱን ብትናገር ማን ይሰማታል? ጎበዝ ልጅ ናት፤ በገንዘብ ምክንያት ትቅር?

መምህር፦ የሚሉት እውነት አለበት፤ አልክድዎትም። ሥርዓቱ ለእኛ ዓይነቱ ቤት ከባድ ነው። ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ የለቀቀው በሐምሌ 2016 ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ምንዛሪ፣ ዶላሩ 57 ብር አካባቢ ሳለ፣ ይህ 16,500 ዶላር 1 ሚሊዮን ብር አይሞላም ነበር። እርስዎ አላባከኑም፤ ሳይነኩት ቁጠባዎ በዶላር ሲታይ ከግማሽ በታች ወረደ። የኤምባሲው ክፍያም ቢከለከሉ አይመለስም። ይህ ሁሉ ያበሳጫል። ነገር ግን የተሠራ ወረቀት ይህን አይፈታውም፤ የሚያደርገው ሊታለፍ የሚችለውን ችግር የማይታለፍ ማድረግ ነው። ልዩነቱን ላስረዳችሁ።

ልጅ፦ ያስረዱን ጋሼ።

መምህር፦ የአሜሪካ የኢሚግሬሽንና ዜግነት ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1952 ነው። በዚያ ሕግ አንቀጽ 214 ንዑስ «ቢ» መሠረት፣ የተማሪ ቪዛ የሚጠይቅ ሰው ሁሉ ተቃራኒውን እስኪያሳይ ድረስ እዚያው ሊቀር እንደመጣ ይቆጠራል። ብዙ ተማሪ የሚከለከለው በዚህ ነው፤ ለተከለከለው የሚሰጠውም ወረቀት ይህንኑ ቁጥር ይጠቅሳል። ይግባኝ የለውም። ግን ዘላቂ ክልከላ አይደለም። ሁኔታሽ ሲለወጥ፣ ወይም የበለጠ ማስረጃ ስታገኚ፣ ክፍያውን ከፍለሽ እንደገና ትቀርቢያለሽ። አንቀጽ 212 ግን ሌላ ነው። በሐሰት ወረቀት ወይም በሐሰት ቃል ቪዛ ለማግኘት የሞከረ ሰው አሜሪካ እንዳይገባ ዕድሜ ልኩን ይከለከላል። የሚታገደው ለትምህርት ብቻ አይደለም። ነገ በጋብቻ፣ በሥራ፣ በቤተሰብ ልሂድ ብትል ያ ውሳኔ ይጠብቃታል። ይቅርታ የሚጠየቅበት መንገድ አለ፤ ግን ጠባብ ነው።

ልጅ፦ እኔ እኮ አላወቅሁም ነበር። ወረቀቱን የሠራው እሱ ነው።

መምህር፦ እስከ ዛሬ ድረስ እውነት ነው። ሕጉም የሚለው ሆን ብሎ ያጭበረበረ ነው። አሁን ግን አውቀሻል። ከአይ-20ው ግርጌ የተማሪ ፊርማ የሚል ቦታ አለ፤ በወረቀቱ የሰፈረው ሁሉ ልክ ነው ብለሽ የምትፈርሚበት ነው። እስካሁን አልፈረምሽበትም። ከዛሬ በኋላ ከፈረምሽ ውሸቱ ያንቺ ይሆናል።

እናት፦ አትፈርምም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ብለው ነው ያሳደጉኝ። ግን እንዴት አድርገን እናስተካክለው? ኮሌጁ ከተናደደ አይሰርዛትም?

መምህር፦ ሊሰርዝም ይችላል፤ አልዋሽዎትም። ቢሆንም ራሷ ቀድማ የተናገረች ተማሪና ኤምባሲ መስኮት ላይ የተያዘች ተማሪ አንድ አይደሉም። ልጄ፣ ለውጭ ተማሪዎች ቢሮው አጭር ደብዳቤ ጻፊ። ማመልከቻሽን ሌላ ሰው ይዞልሽ እንደነበር፣ የገባው የባንክ ማስረጃ የእናትሽ እንዳልሆነ አሁን እንዳወቅሽ፣ እንዲሰረዝልሽ እንደምትፈልጊ፣ ትክክለኛውን እንደምታቀርቢ ጻፊ። ልመና አታብዢበት። የልደት ቀኑንም አብረሽ አሳርሚ።

ልጅ፦ ትክክለኛውን ሳቀርብ ግን ገንዘቡ ይጎድላል።

መምህር፦ እሱን ደግሞ በእውነቱ እንሙላው። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው አጎትሽ ሊረዳሽ ፈቃደኛ ነው?

እናት፦ ወንድሜ ነው፤ ቤቴ ትኖራለች፣ ከምግብና ከመኝታ አትጨነቂ ብሎኛል። ሰውየው ግን አሜሪካ ዘመድ አለን ካልን ቪዛ አይሰጧትም፣ ደብቁት አለን።

መምህር፦ ፎርሙ በግልጽ ይጠይቃል፤ አሜሪካ ዘመድ አለሽ ወይ ይላል። አጎት ስላለ ብቻ አትከለከልም፤ አጎቷን የደበቀች እንደሆነ ግን ያው ወደ አንቀጽ 212 መሄዷ ነው። አጎትሽ የሚረዳሽን መጠን ገልጾ ደብዳቤ ይጻፍ። የራሱን የባንክ ስቴትመንትና የግብር ወረቀቱን ይላክ። አይ-134 የሚባል የድጋፍ ቃል መስጫ ፎርምም አለ፤ ኮሌጁ ከጠየቀ ይሞላዋል። ኮሌጁ አጎትሽ ቤት እንደምትኖሪ ካመነ የመኖሪያው ወጪ በዚያው ሊቀንስ ይችላል። ያም ካልበቃ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ስኮላርሺፕ እንዲጨምሩልሽ መጠየቅ ነው፤ ውጤትሽ ጥሩ ስለሆነ መጠየቅ አያሳፍርም። ሁለተኛው መግቢያሽን ለሚቀጥለው ሴሚስተር ማስተላለፍ ነው። ስድስት ወር መዘግየት ዕድሜ ልክ ከመታገድ ይሻላል።

ልጅ፦ ይህን የሚያማክር ሰው ብናገኝ ኖሮ መጀመሪያውኑ ደላላ ጋ አንሄድም ነበር።

መምህር፦ አለ እኮ። የአሜሪካ መንግሥት ኤዱኬሽን ዩኤስኤ የሚባል የምክር አገልግሎት አለው፤ አዲስ አበባም ይሠራል፤ ምክሩ በነፃ ነው። የትኛው ኮሌጅ ለውጭ ተማሪ ገንዘብ እንደሚሰጥ፣ ማመልከቻ እንዴት እንደሚጻፍ ያስረዳሉ። ቪዛ ግን አያወጡም፤ ቪዛ አስወጣለሁ የሚል ሰው ካያችሁ ሽሹት። ቪዛ የሚወስነው ኦፊሰሩ ብቻ ነው።

እናት፦ እሺ፣ ወረቀቱ ተስተካክሎ መጣ እንበል። ከዚያስ?

መምህር፦ ከዚያ መጀመሪያ የሴቪስ ክፍያ ነው፤ ኤፍ-1 ለሚባለው የተማሪ ቪዛ 350 ዶላር። በአይ-20ው ላይ ባለው ቁጥር በኢንተርኔት ይከፈላል፤ ደረሰኙን አትሚና ያዢ። ካርድ ከሌላችሁ አጎቷ ከዚያ ሊከፍልላት ይችላል። ቪዛ ብትከለከልና በ12 ወር ውስጥ እንደገና ብታመለክት ያው ክፍያ ያገለግላታል። የቪዛ ማመልከቻው 185 ዶላር ግን በየጊዜው ይከፈላል። ቀጥሎ ዲኤስ-160 የሚባለውን ፎርም ራስሽ ትሞያለሽ።

ልጅ፦ እሱ ነው የሚያስፈራኝ። ረጅም ነው ይላሉ።

መምህር፦ ረጅም ነው፤ ከባድ ግን አይደለም። ፓስፖርት፣ አድራሻ፣ የቤተሰብ ስም፣ የተማርሽባቸው ትምህርት ቤቶች። በመካከል እያስቀመጥሽ ልትመለሺበት ትችያለሽ፤ መለያ ቁጥሩን መዝግቢ። መጨረሻው አካባቢ ፎርሙን ስትሞዪ የረዳሽ ሰው አለ ወይ የሚል ጥያቄ ታገኛለሽ። ደላሎች ራሳቸው ሞልተው እዚያ ላይ «የለም» ይላሉ። ልጁ ገና ኤምባሲ ሳይደርስ የመጀመሪያው ውሸት በስሙ ተመዘገበ ማለት ነው። እኔም ብረዳሽ ስሜን ትጽፊያለሽ። ሌላ ደግሞ ባለፉት 5 ዓመታት የተጠቀምሽባቸውን የማኅበራዊ ሚዲያ ስሞች ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ2025 ሜይ የአሜሪካ መንግሥት አዳዲስ የተማሪ ቪዛ ቀጠሮ መስጠት አቁሞ ነበር፤ በጁን ሲመልሰው ተማሪዎች ገጻቸውን ለሁሉም ክፍት እንዲያደርጉ አዘዘ። ስለዚህ ያሉሽን ገጾች ሁሉ ጻፊ፣ ክፍትም አድርጊያቸው።

ልጅ፦ የድሮ ፌስቡኬንም?

መምህር፦ በ5 ዓመት ውስጥ ከተጠቀምሽበት አዎ። ሁሉን ስትጨርሺ ባርኮድ ያለው የማረጋገጫ ገጽ ይወጣል፤ አትመሽ ትይዣለሽ። ከዚያ ቀጠሮ ነው።

እናት፦ እንጦጦ መንገድ፣ ሽሮሜዳ ጋ ያለው አይደል? ጠዋት ጠዋት ሰልፉን አያለሁ።

መምህር፦ እሱ ነው። ፓስፖርት፣ አይ-20፣ የሴቪስ ደረሰኝ፣ የማረጋገጫ ገጹ፣ ትራንስክሪፕት፣ የገንዘብ ማስረጃ በአንድ ፎልደር ይዘሽ ትሄጃለሽ። አሻራ ትሰጫለሽ፤ ከዚያ መስኮት ላይ ጥቂት ደቂቃ ነው። ኦፊሰሩ ወረቀትሽን ሁሉ ላያየው ይችላል፤ የሚሰማው አንደበትሽን ነው።

ልጅ፦ ምን ይጠይቀኛል?

መምህር፦ ለምን ይህን ኮሌጅ መረጥሽ? ምን ልታጠኚ ነው? ማን ነው የሚከፍልልሽ? ስትጨርሺ ምን ታደርጊያለሽ? ደላሎች መልስ አስጠንተው ይልካሉ፤ ልጆቹም አንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ይዘው መስኮቱ ላይ ይቆማሉ። ኦፊሰሩ በቀን ስንት ጊዜ ነው የሚሰማው! እስቲ ለእኔ ንገሪኝ፣ ለምን ይህን ኮሌጅ?

ልጅ፦ የምግብ ሳይንስ ስላለው ነው። እማዬ ሽሮና በርበሬ ስታዘጋጅ አንዳንዴ ይሻግትባታል፤ እርጥበት ነው፣ ሻጋታ ነው፣ መርዛማም ይሆናል ይላሉ። ያን ነገር ማወቅ እፈልጋለሁ። ደግሞ ብዙ ካመለከትኩባቸው ገንዘብ የሰጠኝ እሱ ነው።

መምህር፦ ይኸው! ከዚህ የተሻለ መልስ የሚያስጠናሽ ሰው የለም።

ልጅ፦ ትመለሻለሽ ወይ ካለኝስ? ጋሼ፣ እውነቱን ከሆነ ከአራት ዓመት በኋላ የት እንደምሆን አላውቅም።

መምህር፦ የሚጠየቀው አሁን ያለሽ ሐሳብ ነው። አሁን ሐሳብሽ ምንድን ነው?

ልጅ፦ ተምሬ የእማዬን ሥራ ማሳደግ።

መምህር፦ እንደዚያው በይ። በማታውቂው ነገር አትማይ፣ ያላሰብሽውንም አትፍጠሪ። ኦፊሰሩ ተጨማሪ ወረቀት ወይም ማጣራት ከፈለገ 221 ንዑስ «ጂ» የሚል ወረቀት ይሰጥሻል፤ ያ የመጨረሻ ክልከላ ስላልሆነ የጠየቁሽን አቅርበሽ ትጠብቂያለሽ። በ214 ከከለከለሽ ደግሞ ምክንያቱን አስቢበት እንጂ ፓስፖርትሽ ተበላሸ አትበዪ። በሚቀጥለው ጊዜ ተከልክለሽ ታውቂያለሽ ወይ ሲሉሽ አዎ ትያለሽ፤ በቃ።

እናት፦ ቪዛውን ካገኘችማ ተገላገልን።

መምህር፦ ብዙ ቤተሰብ እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። ቪዛ የበር ፈቃድ ነው። ለመግባት ያገለግላል፤ እዚያ በሕጋዊነት የሚያኖራት ግን አይ-20ውና ትምህርቷ ናቸው። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2025 የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ለኢትዮጵያውያን የሚሰጠው አብዛኛው የጊዜያዊ ቪዛ ለ3 ወር ብቻና ለአንድ ጊዜ መግቢያ እንዲሆን ወስኗል። ከመሄድሽ በፊት ደንቡ ተለውጦ እንደሆነ ከኤምባሲው ድረ ገጽ እዪ። እንዳለ ከሆነ ግን ቪዛሽ ገና የመጀመሪያው ሴሚስተር ሳያልቅ ጊዜው ያልፋል።

እናት፦ ታዲያ ሕገወጥ ትሆናለች?

መምህር፦ አትሆንም። እየተማረች እስከሆነ፣ አይ-20ዋም የጸና እስከሆነ ድረስ ሕጋዊ ናት። የሚቸግረው ከአሜሪካ ስትወጣ ነው። ወደ አዲስ አበባ ከመጣች ለመመለስ አዲስ ቪዛ ያስፈልጋታል፤ ሊከለክሏትም ይችላሉ። እህቴ፣ ይህን አሁን መነጋገር ይከብዳል፤ ግን ለቅሶ ቢመጣ፣ እርስዎ ቢታመሙ፣ ልጅቷ ልምጣ ትላለች። ስትመጣ ትምህርቷን በአደጋ ላይ ጥላ እንደምትመጣ ሁለታችሁም አስቀድማችሁ ማወቅ አለባችሁ።

እናት፦ እኔ ብታመምም አትምጣ። ትማር።

ልጅ፦ እማዬ!

መምህር፦ ዛሬ አትወስኑም፤ ዛሬ ማወቃችሁ ይበቃል። ለመውጣት የግድ ከሆነ ግን፣ ከመጓዟ በፊት የኮሌጁ ኃላፊ በአይ-20ው ሁለተኛ ገጽ ላይ የጉዞ ፊርማ እንዲያኖርላት ትጠይቅ።

ልጅ፦ እዚያ ከደረስኩ በኋላ ምን መጠንቀቅ አለብኝ?

መምህር፦ ትምህርት ከሚጀምርበት ቀን ከ30 ቀን በላይ ቀድመሽ አትገቢም። አይ-20ሽን በእጅ ሻንጣሽ ያዢ፤ ኤርፖርት ላይ ይጠይቁሻል። እንደደረስሽ ለኮሌጁ ሪፖርት አድርጊ። አድራሻሽ ሲለወጥ በ10 ቀን ውስጥ አሳውቂ። በየሴሚስተሩ ሙሉ ኮርስ ውሰጂ፤ ለመጀመሪያ ዲግሪ ብዙውን ጊዜ 12 ክሬዲት ነው። ከብዶሽ መቀነስ ብትፈልጊ ኮርሱን ከመጣልሽ በፊት ኃላፊውን አነጋግሪ። ሥራን በተመለከተ፣ ትምህርት ባለበት ጊዜ ግቢ ውስጥ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ይፈቀድልሻል። ከግቢ ውጪ ያለ ፈቃድ አንድ ሰዓትም ቢሆን አይፈቀድም።

እናት፦ ወንድሜ እኮ የሚያውቀው ሬስቶራንት አለ፤ ቅዳሜና እሑድ ትሠራለች ብሎ ነበር።

መምህር፦ አጎቷ በቅንነት ነው ያሰበው፤ ብዙ የእኛ ሰው እንዲሁ ያደርጋል። በጥሬ ገንዘብ ስለሚከፈል ማን ያውቃል ይባላል። ያ ግን የተማሪነት መብቷን ያሳጣታል፤ በኋላ ለሥራ ፈቃድ ስታመለክትም ይከተላታል። ስትመረቅ ደግሞ በሙያዋ 12 ወር የመሥራት ዕድል በሕግ አላት፤ እንደ ምግብ ሳይንስ ላለ የሳይንስ መስክ ተጨማሪ 24 ወር ይጠየቃል። ለሬስቶራንት ጥቂት ዶላር ብላ ያን ዕድል ማጣት የለባትም። ለአጎቷ ደውለው እርስዎ ራስዎ ያስረዱት፤ ከእሷ ይልቅ እርስዎን ይሰማል።

እናት፦ ዛሬ ማታ እደውልለታለሁ። ለሰውየው የምከፍለው የለም፤ እንዲያውም የልጄን ፓስወርድ ይመልስ።

ልጅ፦ እኔም ለኮሌጁ ደብዳቤውን ዛሬ እጽፋለሁ። ጋሼ፣ ከመላኬ በፊት ያዩልኛል?

መምህር፦ አይልሻለሁ። የምትጽፊው ግን አንቺ ነሽ።

በየቤቱ ለዚህ ጉዞ የምትሰናዱ ወላጆች፣ ልጃችሁ ያላነበበውን ፎርም እንዲፈርም አትፍቀዱ፤ ፓስወርዱንም ስቴትመንቱንም ለደላላ አትስጡ። ቪዛ የተከለከለ ልጅ በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ይሞክራል፤ በሐሰት ወረቀት የታገደ ልጅ ግን ዕዳውን ዕድሜ ልኩን ይሸከማል፤ ገንዘቡን የተቀበለው ሰው አይካፈለውም።